ሚሪያም ማኬባ፦ የሠላሳ አንድ ዓመት መንገድ ወደ አገር ቤት

በዚህ መጽሔት ላይ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ቀድሞ መምህሮቻችን፣ ስለ ባልንጀሮቻችንና ስለ ስድስት ኪሎ ዘመናችን ነው። ዘንድሮ ግን ከመካከላችን ስላልነበረች አንዲት ዘፋኝ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ምክንያቴ ቀላል ነው። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች ከየአገሩ ተጠራርተን ስንገናኝ፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ የምንጠያየቀው አንድ ነገር አለ፤ አገር ቤት ጠቅልሎ ማን ገባ፣ እዚያው ማን ቀረ ነው። ደቡብ አፍሪካዊቷ ሚሪያም ማኬባ ይህ ጥያቄ ዕድሜ ልኳን ሲከተላት የኖረች ሴት ናት። ከአዲስ አበባም ሆነ ከአማርኛ ጋር ያላት ዝምድና ብዙዎቻችን ከምናስበው የቀረበ ነው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ፤ የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ሚሪያም የተወለደችው ማርች 4 ቀን 1932 በጆሐንስበርግ የጥቁሮች ሰፈር ነው። እናቷ ክርስቲና የስዋዚ ተወላጅ ስትሆን፣ በነጮች ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ባህላዊ መድኃኒትም ታውቅ ነበር። አባቷ ኮሳ ነው። በዚያ ዘመን ጥቁሮች ጠላ ጠምቀው እንዳይሸጡ ሕግ ይከለክላቸው ነበር። ኑሮ ግን ሕግ አይጠይቅም፤ ክርስቲና ከበቆሎና ከማሽላ የሚጠመቀውን የነሱን ጠላ ስትሸጥ ተያዘች። መቀጫውን የሚከፍል ገንዘብ ስላልነበረ ስድስት ወር ታሰረች። ሚሪያም ያን ጊዜ የተወለደች ገና አሥራ ስምንት ቀኗ ነው። እንግዲህ ከእናቷ ጋር ወኅኒ ገብታ፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወሮች እዚያው ጡት እየጠባች አሳለፈች ማለት ነው። እኛ አገር ስንት እናት ጠላ ሸጣ ልጇን ዩኒቨርሲቲ እንዳስገባች የምናውቅ ሰዎች፣ ይህን ታሪክ ስንሰማ ሆዳችን ቶሎ ይባባል።

ሙሉ ስሟ ዜንዚሌ ነው። የስሙ ፍቺ ባጭሩ ራስሽ ያመጣሽው ነው እንደማለት ነው፤ እናቷ በእርግዝናዋ ስትሰቃይ አያቷ ሲያጉረመርሙ የወጣ ስም ነው ይባላል። አባቷ የሞቱት ሕፃን ሳለች ነው። እናቷ በሰው ቤት ተቀጥራ ስለምትኖር ልጅቷ ፕሪቶሪያ አጠገብ አያቷ ዘንድ፣ ከብዙ የአክስትና የአጎት ልጆች ጋር አደገች። ዘፈን የጀመረችው እዚያው በሜቶዲስት ሚስዮን ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ ነው። እቤት ደግሞ የነኤላ ፊትዝጀራልድና የነቢሊ ሆሊደይ ሸክላ ነበር። እንግዲህ ጃዝ ወደሷ የመጣው እንደ ባዕድ ነገር አልነበረም። መዝሙሩም፣ የሠርጉ ዘፈንም፣ የአሜሪካው ጃዝም አንድ ቤት ውስጥ አብረው ነበሩ።

ሃያ ዓመት አካባቢ ሲሆናት ማንሐተን ብራዘርስ የሚባለው የታወቀ ቡድን ዘፋኝ አድርጎ ወሰዳት። ወንዶቹ ሙሉ ልብስ ከከረባት ጋር ለብሰው፣ የአሜሪካን ስልት ከደቡብ አፍሪካ ዜማ ጋር አዋሕደው ይጫወቱ ነበር። በ1953 ላኩ ትሾኒ ኢላንጋ የሚለውን ዘፈን ከነሱ ጋር ተጫወተችና ስሟ ወጣ። የዚህ ዘፈን ታሪክ አንድ ቁም ነገር አለው። በኮሳ ቋንቋ ያለው ግጥም ፀሐይ ስትጠልቅ የጠፋች ፍቅረኛውን በየእስር ቤቱና በየሆስፒታሉ ስለሚፈልግ ሰው ነው። በዚያች ከተማ ማታ ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ሰው የሚፈለገው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ነበር። በኋላ ዘፈኑ በእንግሊዝኛ ይውጣ ተብሎ ግጥሙ ሲቀየር፣ እስር ቤቱም ሆስፒታሉም ቀረና ተራ የፍቅር ጨዋታ ሆነ። ያው እንግሊዝኛው አሜሪካ ድረስ ዘልቆ እዚያ በዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ለደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ዜማው ተሸጠ፣ አገሩ ግን ከውስጡ ወጣ። ከዚህ በኋላ ያለውን የሚሪያምን ሥራ ሳየው፣ ከዘፈኗ ውስጥ አገሯ ዳግመኛ እንዳይወጣ የታገለች ይመስለኛል።

አገሯም እኮ በዓይኗ ፊት እየፈረሰ ነበር። የጆሐንስበርግ ጥቁሮች ጃዝ ማዕከል የነበረው ሶፊያታውን የሚባል ሰፈር ነው፤ ጋዜጠኛው፣ ደራሲው፣ ሙዚቀኛው፣ ጠላ ሻጩ ሁሉ የሚገኘው እዚያ ነው። ከ1955 ጀምሮ መንግሥት ነዋሪውን በጭነት መኪና እያስጫነ አፈናቀለና ሰፈሩን በቡልዶዘር አፈረሰው። በላዩ ላይ የነጮች ሰፈር ሠርቶ ስሙን ድል አለው። ሚሪያም በዚያን ጊዜ ስካይላርክስ በሚባል የሴቶች ቡድን ውስጥ ነበረች። በ1959 ደግሞ ኪንግ ኮንግ በሚባለው የጃዝ ኦፔራ የሴቷን ዋና ገጸ ባሕርይ ተጫወተች። ሙዚቃውን የደረሰው ቶድ ማትሺኪዛ ሲሆን፣ ታሪኩ የአንድ ጥቁር ቡጢኛ አነሣሥና አወዳደቅ ነው። መጀመሪያ የታየው በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ታላቁ አዳራሽ ነበር። ጥቁርና ነጭ አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጦ ትርዒት ሊያይ የሚችለው ያኔ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ስለነበረ ነው። ዛሬ በማስተማር ላይ ላላችሁ መምህራን ይህችን ነገር በተለይ ማስታወስ እወዳለሁ፤ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አንዳንዴ ለአገር መጨረሻው ክፍት በር ይሆናል።

በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ላየኔል ሮጎሲን የደቡብ አፍሪካን ኑሮ በድብቅ በቀረጸው ፊልሙ ውስጥ ሚሪያም ለጥቂት ደቂቃ ታየች፤ ሁለት ዘፈን ብቻ ነው የተጫወተችው። ፊልሙ በቬኒስ ፌስቲቫል ሲቀርብ እሷም ተጋብዛ ሄደች። ከዚያ ለንደን፣ ከለንደን በሃሪ ቤላፎንቴ እርዳታ አሜሪካ ገባች። ኒው ዮርክ ውስጥ ቪሌጅ ቫንጋርድ በሚባለው የጃዝ ቤት ስትጫወት የሰሟት ሁሉ ተደነቁባት። የሄደችው ለሥራ ነው፤ ልትሰደድ አልነበረም። ልጇ ቦንጊም እናቷ ዘንድ ነበረች። ልብ በሉ፣ ከመካከላችን ስንቶቻችን ሁለት ዓመት ተምሬ እመለሳለሁ ብለን ነው የወጣነው!

ማርች 21 ቀን 1960 በሻርፕቪል ከተማ ፖሊስ በሰላማዊ ሰልፈኞች ላይ ተኩሶ ስልሳ ዘጠኝ ሰው ገደለ። ከሞቱት ውስጥ የሚሪያም ዘመዶች ነበሩበት። በዚያው ዓመት እናቷ ክርስቲና አረፈች። ሚሪያም ለቀብር ልትሄድ ስትነሣ ፓስፖርቷ መሰረዙን ተረዳች። ሌላ ክስ የለም፣ ፍርድ የለም፤ ሰነዱ አይሠራም ብቻ ነው የተባለችው። ያቺ ሴት በወኅኒ ያጠባቻትን እናቷን አፈር ሳታለብስ ቀረች። ቦንጊ ወደ እናቷ ወደ አሜሪካ ተላከች፤ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች።

እዚህ ላይ የራሴን ነገር ጥቂት ልናገር። እኔ ከአገር የወጣሁት በ1960ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ነው። ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መመለሻው ጠፋ። እናቴ ያረፈችው እኔ ዋሽንግተን ሳለሁ ነው። እንደ ደንባችን ማልደው በሬን ያንኳኩት የአገር ልጆች ናቸው፤ አራት ሆነው ቆመው ሳያቸው ገና ሳይናገሩ ገባኝ። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ፍራሽ አንጥፈን ሦስት ቀን ተቀመጥን። ጎረቤቶቼ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ከዚያ ጊዜ ወዲህ የማኬባን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የምቆመው እዚህ 1960 ላይ ነው። ስደት ምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ከሁሉ ይልቅ ይህ ነው፤ ስደተኛ ማለት የራሱ ለቅሶ ላይ የማይገኝ ሰው ነው።

ታዲያ ይህች ሴት ምን አደረገች? በቋንቋዋ ዘፈነች። ኮሳ ምላስን ከላንቃ አላቅቆ የሚያስጮህ ድምፅ ያለው ቋንቋ ነው፤ ፊደል ሆኖ ከቃሉ ውስጥ ይገባል። የውጭ ሰው በቀላሉ አይችለውም። የሠርግ ዘፈን የሆነውን ቆንቆትዋኔን ስትጫወት፣ ፈረንጆቹ ስሙ ሲያቅታቸው በዚያ ድምፅ ሰይመው ሌላ ስም አወጡለት። እሷም በየመድረኩ ዘፈኑን ከመጀመሯ በፊት ይህ የቋንቋዬ ድምፅ ነው፣ የአፍ ጨዋታ አይደለም እያለች ታስረዳ ነበር። እኛም ጠን፣ ጨንና ቀን ለባዕድ ያስተማርን ሰዎች ነገሩ ይገባናል። ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ይቻላል፤ ቀለል ያለውን ዘፈን መርጦ መዝፈንም ይቻላል። እሷ ግን የሚከብዳቸውን ይዛ ቆመች። አሜሪካኖቹ እንግሊዝኛ ሲፈልጉ ኮሳና ዙሉን፣ ኋላም ስዋሂሊን ሰጠቻቸው። ፀጉሯንም ሳታስተኩስ እንደ ተፈጥሮው ተወችው። ጃዙ ከዜማው ሥር አለ፤ ቃሉ ግን የአገር ቤት ነው።

ወደ ኛ አገር የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ሠላሳ ሁለት ነፃ የአፍሪካ አገሮች በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ ማኬባ በንጉሠ ነገሥቱ ተጋብዛ አዲስ አበባ ላይ ዘፈነች። ነገሩን አስቡት። የዚያን ቀን የተሰበሰቡት ነፃ የወጡት አገሮች ናቸው፤ የሷ አገር ግን በመሪዎቹ ወንበር ላይ ተወካይ አልነበረውም። ኔልሰን ማንዴላ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ እዚሁ መጥቶ ኮልፌ የወታደር ትምህርት ተምሮ ተመልሷል፤ እሷ ስትመጣ እሱ እስር ቤት ነው። እንግዲህ ከደቡብ አፍሪካ በዓሉ ላይ ከፍ ብሎ የተሰማው የሷ ድምፅ ነው ቢባል አልተጋነነም። በዚያው ዓመት በተባበሩት መንግሥታት የፀረ አፓርታይድ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ስለ አገሯ መሰከረች። መልሱ ወዲያው መጣ፤ መንግሥት ዜግነቷን ነጠቀ፣ ዘፈኖቿም በአገሯ እንዳይሸጡና እንዳይሰሙ ከለከለ። ከቤላፎንቴ ጋር ያወጣችው አልበም በ1966 የግራሚ ሽልማት ሲያገኝ፣ የገዛ ወገኖቿ በይፋ ሊሰሙት አይችሉም ነበር።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር ልምጣ። ፓታ ፓታን የማያውቅ የኛ ዘመን ተማሪ አለ ብዬ አላምንም፤ በየግብዣው ያልጨፈርንበት ጊዜ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ የወጣው በ1967 ነው፤ ዓለምን ሁሉ አዳረሰ። ሚሪያም ግን በዚህ ዘፈን ብዙም አትኮራም ነበር፤ ቁም ነገር ባለው ሌላ ዘፈን ብታወቅ ትወድ ነበር። የዳንስ ዘፈን ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ግን የዚያን አልበም ሌሎች ዘፈኖች ስንቶቻችን ሰምተናል? አንደኛው መሬታቸውን ስለተነጠቁ ሰዎች ነው። ሌላው ደግሞ በአማርኛ ነው! የጥንቱ ትዝ ይለኛል ይላል ርእሱ። የኮሳ ልጅ ኒው ዮርክ ተቀምጣ በኛ ቋንቋ ስለ ትዝታ ዘፈነች።

ይህን መጀመሪያ ባወቅሁ ጊዜ ለካ እያልኩ ብዙ ቆየሁ። የሚፈለገው ጨዋነት ወይም ለአስተናጋጅ አገር የሚከፈል ውለታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዘፈን ይበቃ ነበር። ከአማርኛ ዘፈን ሁሉ ያን መምረጧን ግን እኔ እንደ ድንገት አላየውም። ትዝታ ለኛ የቅኝት ስምም ነው፣ የስሜት ስምም ነው። የራቀን ነገር በዜማ አቅርቦ ማስቀመጫ ነው። መመለስ የተከለከለች ሴት ይህን በባዕድ ቋንቋ ውስጥ አገኘችው። ስለዚህ አገር ቤት ለሷ የራሷ ሰፈር ብቻ አልሆነም፤ የሌላውንም ናፍቆት እንደ ራሷ አድርጋ ዘፈነችው።

የአሜሪካው ኑሮዋም ብዙ አልቆየም። በ1968 የጥቁሮች ንቅናቄ መሪ የነበረውን ስቶክሊ ካርማይክልን ስታገባ ኮንሰርቶቿ አንድ በአንድ ተሰረዙ፣ የሸክላ ውሎቿም ቀሩ። ሁለተኛ ስደት መሆኑ ነው። ባልና ሚስቱ ወደ ጊኒ ሄዱና ሴኩ ቱሬ ተቀበላቸው። እዚያ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ኖረች፤ ከጊኒ ሙዚቀኞች ጋር ሠራች፣ ጊኒን ወክላ በተባበሩት መንግሥታት ተናገረች። የዘጠኝ አገር ፓስፖርት ነበራት፣ አሥር አገሮችም የክብር ዜግነት ሰጥተዋታል ይባላል። ማማ አፍሪካ የሚለው ስም የወጣላት በዚህ ነው። ክብሩ ትልቅ ነው፤ ግን አሥሩ ተደምረው የአንዱን ቦታ አልሞሉም። በ1985 ቦንጊ፣ አንዲት ልጇ፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ በወሊድ ምክንያት ሞተች። የተቀበረችው ኮናክሪ ነው። እናት በአንድ አገር፣ ልጅ በሌላ አገር ተቀበሩ፤ ሚሪያም ደግሞ ከዚያ ተነሥታ ብራስልስ ገባች።

ማንዴላ በፌብሩዋሪ 1990 ሲፈታ አገርሽ ግቢ አላት። ሰኔ ላይ፣ በፈረንሳይ ፓስፖርት፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ጆሐንስበርግ አውሮፕላን ጣቢያ ወረደች። እንደ እንግዳ ቪዛ ይዛ ወደ ተወለደችበት ከተማ ገባች ማለት ነው። እኔም በ1984 ዓ.ም. ቦሌ ስወርድ በባዕድ ፓስፖርት ነበርና፣ መስኮቱ ጋ የሚሰማውን ስሜት አውቀዋለሁ። ደስታ ነው፤ ግን ደስታው ውስጥ የጎደለ ሰው አለ። ሶፊያታውን የለም። እናቷ የለችም። የተመለሰላት መሬቱ ነው እንጂ የቀብሩ ቀን አይደለም።

እሷ ግን ቁጭ ብላ የቀረውን ስትቆጥር አልኖረችም። በ1992 በወጣው ሳራፊና በሚለው ፊልም የሰው ቤት ሠራተኛ የሆነች እናት ሆና ተጫወተች፤ የገዛ እናቷን ሥራ ማለት ነው። ጧሪና ሰብሳቢ ለሌላቸው ልጃገረዶች መጠጊያ አቋቋመች። በ2000 ያወጣችው አልበም ስሙ የትውልድ አገር የሚል ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ ሆኗት የዘፈነችው ዘፈን ውስጥ ድምፅዋ ወፍሯል፣ ዝግ ብሏል፤ ቃሉን ግን ያው እንደ ጥንቱ ጠንቅቃ ነው የምታወጣው። በ2005 የስንብት ጉዞ ጀምራለሁ አለች፤ ስንብቱ ሦስት ዓመት ፈጀ።

የመጨረሻ መድረኳ ካስቴል ቮልቱርኖ የምትባል የደቡብ ኢጣሊያ ከተማ ናት። ባሕር ዳር ያለች፣ ሥራ ፍለጋ የመጡ ብዙ አፍሪካውያን በእርሻና በግንባታ የሚደክሙባት ቦታ ናት። በሴፕቴምበር 2008 የካሞራ ወንበዴዎች ስድስት አፍሪካውያንን ተኩሰው ገደሉ። በኖቬምበር 9 ምሽት እዚያ የተደረገው ኮንሰርት የካሞራ ወንበዴዎችን ስላጋለጠ ለሞት ለሚታደነው ደራሲ ሮቤርቶ ሳቪያኖ ድጋፍ ነበር። ሰባ ስድስት ዓመት የሞላት ሴት፣ ልቧም ጉልበቷም ደክሞ፣ መጥታ ዘፈነች። ፓታ ፓታን ተጫውታ ከመድረክ ስትወርድ ወደቀች፤ በልብ ድካም እዚያው ሆስፒታል አረፈች። ብዙዎች ከአገሯ ርቃ መሞቷን እንደ አሳዛኝ ነገር ይጽፉታል። እኔ በሌላ በኩል አየዋለሁ። የሞተችው አገር ቤት መመለስ ባልቻሉ ልጆች መካከል፣ ለነሱ ስትቆም ነው። በ1960 ማንም አልቆመላትም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ለመምህራኑ፣ አንድ አደራ ለባልንጀሮቼ አለኝ። የሙዚቃ መምህራን ሆይ፣ ያን የ1967 አልበም ለተማሪዎቻችሁ አሰሙልን። ኮሳ ተናጋሪዋ አማርኛችንን እንዴት እንዳወጣችው፣ የትኛው ፊደል ላይ እንደተቸገረችና የትኛውን እንደኛ እንዳለችው ይመርምሩት፤ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል። ባልንጀሮቼ ደግሞ በዘንድሮው ስብሰባ እራት ሲያልቅ ፓታ ፓታ መከፈቱ አይቀርም፣ እንጨፍር፣ ጉልበታችን እስከቻለው ድረስ። ግን ከዚያ በኋላ ሸክላው አይዘጋ። አማርኛው እስኪመጣ ቁጭ ብለን እናዳምጥ፤ ለቅሯቸው ላይ ያልደረስንላቸውንም በስማቸው እናንሣቸው።